በድምፅ ውስጥ ያለ ድምፅ
የፕሮፌሰር ሐሊም ኤል ዳብ ሕይወትና ሥራ

ሰው ስሙን የሚያስጠራበት መንገድ ብዙ ነው። አንዱ በጦር ሜዳ በፈጸመው ጀግንነት፥ ሌላው ባቆመው ሕንፃ፥ ሌላው ደግሞ በጻፈው መጽሐፍ ሲታወስ ይኖራል። በማዳመጥ ስሙን ያስጠራ ሰው ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ ጆሮ ያለው ሁሉ የሚያዳምጥ ይመስለዋልና። ነገር ግን መስማት ሌላ፥ ማዳመጥ ሌላ ነው። ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሁላችንም እንሰማለን፤ ቀጭኑን ጠብታ ከወፍራሙ ለይቶ የሚያዳምጥ ግን ከመቶ አንድ ቢገኝ ነው።

ውድ አንባብያን ሆይ፥ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ታሪካቸውን ላቀርብላችሁ የመረጥኋቸው ሰው ዕድሜያቸውን በማዳመጥ ያሳለፉት የሙዚቃ ደራሲ ፕሮፌሰር ሐሊም ኤል ዳብ ናቸው። የመረጥሁበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፥ ዛሬ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የምንለውን፥ ማለት በመሣሪያ የተቀዳ ወይም በኤሌክትሪክ ኃይል የተፈጠረ ድምፅን እየቀረጹ ሙዚቃ የማድረግን ጥበብ፥ ገና በቅጡ ስም ሳይወጣለት ከጀመሩት ሰዎች አንዱ እርሳቸው ናቸው። ሁለተኛ፥ ወደ አዲስ አበባ መጥተው አስተምረው፥ ለሀገራችን ሙዚቃ የማይረሳ ሥራ ትተው ሄደዋል። ሦስተኛው ምክንያት የቤቴ ጉዳይ ስለ ሆነ በቦታው እነግራችኋለሁ። በጽሑፌ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ስማቸውን መጀመሪያ ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው። በትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ ውስጥ ክራር እጫወታለሁ። አጎቴ ይህን ስለሚያውቅ፥ የሲዲ ማጫወቻ ከየቤቱ እየጠፋ በሄደበት በዚህ ዘመን፥ «ኢትዮፒክስ» ከሚባለው ተከታታይ እትም 23ኛውን ሲዲ አመጣልኝ። በውስጡ ያለው የኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ሥራ ነው። ማሲንቆው፥ ክራሩ፥ ዋሽንቱና ከበሮው እንደ አንድ ቤተ ሰብ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ይህን ኦርኬስትራ ማን አቋቋመው ብዬ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ የአንድ ግብፃዊ ስም ሆነ። ስለ እኒህ ግብፃዊ ሳነብ ደግሞ፥ አዲስ አበባን ከመርገጣቸው 18 ዓመት አስቀድመው በካይሮ ከተማ እስከዚያ ጊዜ ያልተለመደ ነገር መሥራታቸውን ተረዳሁ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ እንቅልፍ ነሣኝ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሐሊም ኤል ዳብ በማርች 4 ቀን 1921 በካይሮ ሳካኪኒ በሚባለው ሰፈር ከአንድ የኮፕት ክርስቲያን ቤተ ሰብ ተወለዱ። ከዘጠኝ ልጆች መካከል የመጨረሻው ነበሩ። በ1932 በካይሮ ስለ ዐረብ ሙዚቃ ታላቅ ጉባኤ ተደርጎ፥ የሀንጋሪው ቤላ ባርቶክና የጀርመኑ ፓውል ሂንደሚት ሳይቀሩ ከአውሮፓ መጥተው ተገኝተው ነበር። የ11 ዓመቱ ሐሊምም ከታላቅ ወንድማቸው ጋራ ወደ ጉባኤው ሄደው እንደ ነበር ታሪካቸው ይነግረናል።

ይሁን እንጂ ወደ ዩኒቨርስቲ ሲገቡ የተማሩት ሙዚቃን አልነበረም። ዛሬ የካይሮ ዩኒቨርስቲ በሚባለው በያኔው የፉአድ ቀዳማዊ ዩኒቨርስቲ የእርሻ ምሕንድስና አጥንተው በ1945 ተመረቁ። ፒያኖና ደራቡካ የሚባለውን የግብፅ ከበሮ ግን በጎን ያጠኑ ነበር። በእርሻ ሥራቸውም ወደ ገጠር እየወረዱ በየመንደሩ ያለውን ዘፈንና ጭፈራ የማዳመጥ ዕድል አገኙ። ይህን ነገር እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ልብ ልንለው ይገባል። ዘንድሮ ሁላችንም የምንጨነቀው «የትኛውን ልምረጥ? የትኛውንስ ልተው?» እያልን ነው። እርሳቸው ግን አንዱን ሲማሩ ሌላውን አልጣሉም፤ እንዲያውም የአንዱ መንገድ ወደ ሌላው አደረሳቸው።

ስማቸውን በሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ያስገባው ሥራ የተሠራው በ1944 ነው። ገና ተማሪ ሳሉ ከካይሮ ራዲዮ ጣቢያ አንድ የሽቦ ድምፅ መቅጃ ተዋሱ። የሽቦ መቅጃ ምን እንደ ሆነ ከእኛ ዕድሜ የሚያውቅ የለምና ጥቂት ላስረዳ። አባቶቻችን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ፤ የተነገረ ቃል ተመልሶ አይያዝም ማለታቸው ነው። የዴንማርኩ ቫልዴማር ፖውልሰን በ1898 የፈለሰፈው መሣሪያ ግን ቃሉን ከአፋፉ መለሰው። ማይክሮፎኑ ድምፁን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ኤሌክትሪኩ በትንሽ ማግኔት ውስጥ ሲያልፍ የማግኔቱ ኃይል ከድምፁ ጋራ ይበረታል፥ ይደክማልም፤ በአጠገቡ የሚያልፈው እንደ ጠጉር የቀጠነ የብረት ሽቦም ያንኑ ብርታትና ድካም እንደ ማኅተም ተቀብሎ ይይዘዋል። ሽቦው እንደገና በማግኔቱ አጠገብ ሲያልፍ ማኅተሙ ወደ ኤሌክትሪክ፥ ኤሌክትሪኩም ወደ ድምፅ ይመለሳል። ቴፕና ካሴት ሳይስፋፉ ድምፅ በዚህ ዓይነት ይቀዳ ነበር።

ሐሊም ኤል ዳብ ይህን ከባድ መሣሪያ ይዘው የሄዱት ሴቶች የዛር ሥርዓት ወደሚያደርጉበት ስፍራ ነው። ዛር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ቃሉም ሥርዓቱም ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ የተሻገረው ከኢትዮጵያ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች ብዙ ናቸው። ወላጆቻችንና የሃይማኖት አባቶቻችን ስለ ዛር የሚሉትን አውቃለሁ፤ እኔም ዛርን ለማመስገን ብዕሬን አላነሣሁም። ልናገር የፈለግሁት ስለ ድምፁ ብቻ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ድምፁን ቀድቶ ለማስታወሻ ያስቀምጠው ነበር። እርሳቸው ግን ሽቦውን ወደ ራዲዮ ጣቢያው መልሰው በዚያ ያለውን መሣሪያ ሁሉ ይሞክሩበት ጀመር። ድምፁን ግድግዳዎቹ በሚንቀሳቀሱበት ክፍል ውስጥ እያጫወቱ፥ ግድግዳውን እያራቁና እያቀረቡ፥ የገደል ማሚቶውን እየለዋወጡ እንደገና ቀዱት። ከዚያም ወፍራሙን መሠረታዊ ድምፅ እያወጡ፥ በላዩ የሚንሳፈፉትን ቀጫጭን ድምፆች ብቻ አስቀሩ። በመጨረሻ የሴቶቹ ድምፅ የሰው ድምፅ መሆኑ እስከማይታወቅ ድረስ ተለወጠ። ሥራውን «ታዕቢር አል ዛር» ብለው ሰየሙት፤ በዚያው በ1944ም በካይሮ ወወክማ የሥዕል አዳራሽ ውስጥ ለሕዝብ አሰሙት። ዛሬ ሁለት ደቂቃ ያህል የሚሆነው ክፍሉ «የሽቦ መቅጃ ሥራ» በሚል ስም ይሰማል። እኔም ሰምቼዋለሁ። በሩቅ ሸለቆ ውስጥ ብዙ ሰዎች አፋቸውን ዘግተው የሚያንጎራጉሩ ይመስላል፤ ቃል የለውም፤ ሆኖም የሚማጠን ሰው በውስጡ እንዳለ ያስታውቃል።

ወፍራሙን አውጥቶ ቀጭኑን ማስቀረት ምን ማለት እንደ ሆነ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። የገባኝ የፊዚክስ አስተማሪያችን ስለ ሞገድ ካስተማሩን በኋላ፥ ክራሬን ታቅፌ ስቀመጥ ነው። የክራር ክር ስንመታ አንድ ድምፅ የሰማን ይመስለናል እንጂ የምንሰማው ብዙ ነው። ክሩ በሙሉ ቁመቱ በሴኮንድ 200 ጊዜ ቢርገበገብ፥ በዚያው ቅጽበት በግማሽ በግማሹ 400 ጊዜ፥ በሲሶ በሲሶው 600 ጊዜ፥ በሩብ በሩቡ 800 ጊዜ ይርገበገባል። ወፍራሙ ድምፅ ጐልቶ ስለሚሰማ ሌሎቹን ይሸፍናቸዋል። ነገር ግን የክሩን ወገብ በጣት ጫፍ ሳይጫኑ ነካ አድርገው ቢመቱት ወፍራሙ ዝም ይልና የተደበቀው ቀጭን ድምፅ ብቻውን ብቅ ይላል። የሙዚቃ ክበባችን ልጆች ይህን አሁኑኑ ሊሞክሩት ይችላሉ። ሐሊም ኤል ዳብ በራዲዮ ጣቢያው መሣሪያ ያደረጉት ከዚህ ጋራ አንድ ነው፤ ልዩነቱ እኔ ይህን ያደረግሁት በአንድ ክር ላይ፥ እርሳቸው ግን በብዙ ሰዎች ድምፅ ላይ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በዐቢይ ጾም ወራት የምንሰማው በገና ለምን እንዲያ እንደሚነዝር ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? በአሥሩ ክሮችና ክሮቹ በሚያርፉበት እንጨት መካከል ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ስላሉ ነው። ክሩ ሲመታ ቆዳውን እየነካ ይነዝራል፤ በዚያ ንዝረትም የተደበቁት ቀጫጭን ድምፆች ሁሉ ይነሣሉ። ስለዚህ በድምፅ ውስጥ ሌላ ድምፅ እንዳለ የኛ አባቶች ያለ ኤሌክትሪክ ያውቁት ነበር ለማለት እደፍራለሁ።

አሁን ሦስተኛውን ምክንያት የምነግራችሁ ጊዜ ነው። አያቴ፥ የእናቴ እናት፥ በሰሜን ሸዋ ገጠር ትኖር ነበር። ጥጥ ስትፈትል ታንጎራጉራለች። ግጥሙን ግማሹን ከእናቷ የተማረችው፥ ግማሹን ራሷ የጨመረችው ነበር። አንድ ክረምት ልጠይቃት በሄድሁ ጊዜ አጠገቧ ተቀምጬ በተንቀሳቃሽ ስልኬ ቀዳኋት፤ ርዝመቱ 4 ደቂቃ ያህል ነው። እንዝርቱ ሲሽከረከር፥ ዶሮ ሲጮኽ፥ አያቴም በመካከሉ አቋርጣ «አንተ ልጅ፥ ይኼ ነገር ይሰማኛል እንዴ?» ብላ ስትጠይቀኝ ይሰማል። በተከታዩ ዓመት ከጥምቀት በፊት ዐረፈች። እነሆ ለቤታችን የቀረን የድምፅ ቅርስ እርሱ ብቻ ነው።

የፕሮፌሰሩን ታሪክ ካነበብሁ በኋላ በአያቴ ድምፅ ላይ ያንኑ ሥራ ልሞክር ተነሣሁ። በ1944 አንድ ራዲዮ ጣቢያ ሙሉ መሣሪያ የጠየቀውን ሥራ ዛሬ በአንድ ኮምፒዩተር መሥራት ይቻላል። ቅጂውን አዘጋጅቼ ወፍራሙን ድምፅ ቀስ በቀስ አወጣሁ፤ ቀጭኑን አስቀረሁ፤ የገደል ማሚቶ ጨመርሁበት። ሁለት ሌሊት ሠራሁ። በመጨረሻ ቃሉ ጠፍቶ ትንፋሿ ብቻ ቀረ፤ እንዝርቱም እንደ ሩቅ ወንዝ ሆነ። በእውነቱ ውብ ነበር።

እናቴን ጠርቼ ማዳመጫውን በጆሮዋ ላይ አደረግሁላት። እስከ መጨረሻው ሳትንቀሳቀስ ሰማች። ከዚያም ማዳመጫውን አውርዳ፥ «ልጄ፥ ያምራል፤ ግን እማዬ የታለች?» አለችኝ። እኔም በድምፁ ውስጥ ያለውን ድምፅ አወጣሁት ብዬ አስረዳኋት። እርሷም፥ «ይኼማ ነፋስ ነው። እኔ የምፈልገው ቃሏን ነው። እስቲ ያንን ‹ይሰማኛል እንዴ› ያለችውን አሰማኝ» አለች። ዋናውን አሰማኋት። ሥቃ አለቀሰች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ከራሴ አልወጣ አለ። ድምፅ የማን ነው? ያሰማው ሰው ነው ወይስ የቀዳው? እነዚያ የካይሮ ሴቶች ድምፃቸው ባሕር ተሻግሮ ይሰማል፤ እኔ ባነበብሁት ሁሉ ግን ስማቸው ተጽፎ አላገኘሁም። ልጆቻቸው ያንን ሁለት ደቂቃ ቢሰሙ እንደ እናቴ «እማዬ የታለች?» አይሉምን? በሌላ በኩል ደግሞ፥ ያ ሥራ ባይሠራ ኖሮ ዓለም በሰው ድምፅ ውስጥ ያለውን ያን ምሥጢር መቼ ይሰማው ነበር? ሁለቱም እውነት ሆነው ሳሉ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። የፕሮፌሰሩን የቀረ ታሪክ ያነበብሁት ይህን ጥያቄ ይዤ ነው።

በ1949 በካይሮ በአንድ ካቴድራል ውስጥ ስለ 1948ቱ ጦርነት ሐዘን የደረሱትን የፒያኖ ሥራ አሰምተው ታላቅ ምስጋና አገኙ። በ1950 ለትምህርት ወደ አሜሪካ ተጓዙ። በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርስቲ፥ በኒው ኢንግላንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትና በብራንዳይስ ዩኒቨርስቲ ተማሩ፤ ካስተማሯቸውም መካከል ኤርንስት ክሬኔክና አሮን ኮፕላንድ ይገኛሉ። በ1958 ታዋቂዋ የዳንስ መምህርት ማርታ ግራሃም ላዘጋጀችው «ክሊተምኔስትራ» ሙዚቃውን ደረሱላት፤ ይህም ሥራ ስማቸውን በአሜሪካ አስተዋወቀ።

በ1959 በኒው ዮርክ የኮሎምቢያና የፕሪንስተን ዩኒቨርስቲዎች የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ተቋቋመ። የሮክፌለር ድርጅት ለዚሁ ሥራ 175,000 ዶላር ሰጥቶ ነበር። በዚያ ማርክ ሁለት የሚባል፥ አንድ ክፍል የሚሞላ፥ በተበሳ ወረቀት የሚታዘዝ ድምፅ ፈጣሪ መሣሪያ ነበር። ከማዕከሉ መሪዎች መካከል የነበሩት ኦቶ ሉኒንግና ቭላዲሚር ኡሳቼቭስኪ ሐሊም ኤል ዳብ በዚያ እንዲሠሩ ጋበዟቸው። እርሳቸው ግን ከዚያ ታላቅ መሣሪያ ይልቅ የሰው ድምፅንና የቀድሞውን የቅጂ ሥራ ይወዱ ነበር። ቴፕን በምላጭ እየቆረጡ፥ ጫፉን ከጫፉ እያጣበቁ፥ አንዱን ድምፅ እየደጋገሙ ሠሩ። «ለይላና ገጣሚው» የሚባለው ሥራቸው የተገኘው ከዚህ ነው፤ መሠረቱ በዐረቦችና በፋርሶች ዘንድ የታወቀው የለይላና የመጅኑን የፍቅር ታሪክ ነው። በ1964 ከሌሎች ደራስያን ሥራ ጋራ በሸክላ ታተመ።

እንዲህ ያለ መሣሪያ በእጃቸው ያለ ሰው ከኒው ዮርክ ተነሥተው ወደ አዲስ አበባ ይመጣሉ ብሎ ማን ያስባል? እርሳቸው ግን በ1962 መጡ፤ በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ አጋማሽ ማለት ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ በሚባለው በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ እስከ 1964 አስተማሩ። ዘመኑ የአፍሪካ መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ያቋቋሙበት ዘመን ነበር።

በዚያው በ1963 ፕሮፌሰሩ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋሙ። ዛሬ ለእኛ ማሲንቆና ዋሽንት አብረው ሲጫወቱ መስማት የተለመደ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ነገሩ አዲስ ነበር። በገና የሚደረድር ለጸሎቱ ብቻውን ይደረድራል፤ አዝማሪ ማሲንቆውን በጠጅ ቤትና በሠርግ ቤት ይመታል፤ እረኛ ዋሽንቱን በመስክ ይነፋል፤ እምቢልታና መለከት የቤተ መንግሥት ክብር ነበሩ። በየክፍለ ሀገሩ ያለው ሕዝብም የየራሱ ዜማና የየራሱ መሣሪያ አለው። ይህን ሁሉ በአንድ መድረክ ማሰባሰብ የትዕግሥት ሥራ ነው። ክራር የሚቃኘው በተጫዋቹ ድምፅ ልክ ነው፤ ዋሽንት ግን አንድ ጊዜ ከተበሳ በኋላ ቅኝቱ አይለወጥም፤ ማሲንቆ ደግሞ የጣት ማሳረፊያ ምልክት የሌለው፥ ጆሮ ብቻ የሚመራው ነው። እነዚህን ለማስማማት እያንዳንዱ ተጫዋች ሌላውን ማዳመጥ አለበት። እኔ በክበባችን ውስጥ አንዲት ክራርና አንድ ዋሽንት ለማስማማት ስንት ከሰዓት በኋላ እንደሚያልፍ ስለማውቅ የፕሮፌሰሩ ትዕግሥት ያስደንቀኛል።

እዚህ ላይ ለጥያቄዬ መልስ መሰል ነገር አገኘሁ። በካይሮ ድምፁን ከባለቤቱ ለይተው ወደ ውስጡ ገቡ። በአዲስ አበባ ግን ባለቤቶቹን ራሳቸውን ሰበሰቡ። ማሲንቆ መቺው በስሙ፥ በፊቱና በሀገሩ ዜማ በመድረክ ላይ ተቀመጠ። በመጀመሪያው መሣሪያው ድምፁን ሲያዳምጥ፥ በሁለተኛው ሰው ሰውን ያዳምጣል። ሁለቱን የሠራው ግን ያው አንድ ጆሮ ነው። ፕሮፌሰሩ እንዲህ አስበው ነው ብዬ በእርሳቸው ስም ልናገር አልችልም፤ እኔ ከሥራቸው ያነበብሁት ግን ይህን ነው።

የዘሩትም ዘር መልካም መሬት ላይ ወደቀ። እርሳቸው በ1964 ከሄዱ በኋላ ኦርኬስትራው አልፈረሰም። ጆን ኮ የሚባል የሰላም ጓድ አባል ከመራው በኋላ፥ ከ1966 ጀምሮ መሪነቱን አቶ ተስፋዬ ለማ ያዙት። በ1969 የኦርኬስትራው አባላት ወደ አሜሪካ ተጉዘው በየከተማው አሳዩ፤ ኤድ ሱሊቫን በሚያቀርበው በታወቀው የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይም ታዩ። ኦርኬስትራው እስከ 1975 ቆየ። አቶ ተስፋዬም ኋላ በአሜሪካ ኖረው የሀገራቸውን የሙዚቃ መሣሪያ ከመሰብሰብ ሳይቦዝኑ በ2013 ዐረፉ።

ፕሮፌሰር ሐሊም ከ1966 እስከ 1969 በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርስቲ፥ ከዚያም በኦሃዮ በኬንት ስቴት ዩኒቨርስቲ አስተማሩ። በኬንት በማስተማር ላይ ሳሉ በሜይ 4 ቀን 1970 የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች ጦርነትን ይቃወሙ በነበሩ ተማሪዎች ላይ ተኩሰው 4 ገደሉ፥ 9 አቆሰሉ። ፕሮፌሰሩም በ1971 ስለዚሁ ነገር «ኦፔራ ፍላይስ» የሚባለውን ሥራ ደረሱ። ለተማሪዎቻቸው ያለቀሱት በሚያውቁት መንገድ ነው። በ1991 ጡረታ ከወጡ በኋላም በዚያው ከተማ እየኖሩ ማስተማራቸውን አልተዉም። በሴፕቴምበር 2 ቀን 2017 በተወለዱ በ96 ዓመታቸው በኬንት ዐረፉ።

ብዙ መጻሕፍት የተቀዳ ድምፅን እየቀረጹ ሙዚቃ ማድረግን የጀመረው በ1948 የፈረንሳይ ራዲዮ መሐንዲሱ ፒዬር ሼፈር ነው ሲሉ ቆይተዋል። የሼፈር ሥራ ታላቅ ነው፤ ጥበቡን ስም ሰጥቶ፥ ትምህርት አድርጎ ያስፋፋው እርሱ ነው። ሆኖም የካይሮው ሥራ በ4 ዓመት ይቀድማል። ታዲያ ለምን ሳይታወቅ ቀረ? በሸክላ ስላልታተመና ከከተማው ውጭ ስላልተሰማ ነው። ከሥራው ለዓለም ጆሮ የደረሰው ክፍል ሲዲ ሆኖ የወጣው ግማሽ ምዕት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ሠርቶ ማስቀመጥ ብቻውን አይበቃም፤ የተሠራውን የሚጠብቅ፥ የሚጽፍና የሚያስተላልፍ ያስፈልጋል። አፍሪካ ውስጥ የተሠራ ብዙ ነገር የጠፋው ሠሪ ጠፍቶ ሳይሆን ጠባቂ ጠፍቶ ነው ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ወገኖቼ ተማሪዎች፥ ነገሩ ወደ እኛ ይመለሳል። ፕሮፌሰሩ በ1944 የተዋሱት ከባድ መሣሪያ ዛሬ ከእርሱ በእጅጉ በተሻለ ዓይነት በየኪሳችን አለ። አብዛኛውን ጊዜ የምንቀዳበት ግን የሚያሥቀንን ብቻ ነው። በየቤታችን ግን የፈትሉን እንጉርጉሮ፥ የወፍጮውን ዘፈን፥ የሠርጉን ሙሾ መሰል መሰናበቻ፥ ሽለላውንና ቀረርቶውን የሚያውቁ አያቶች ገና አሉ፤ ነገ ግን አይኖሩም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ሳያልፉብን እንቅዳቸው። ስንቀዳም አስቀድመን እናስፈቅድ፤ ስማቸውን፥ የተወለዱበትን አገርና ዕለቱን እንጻፍ። ዋናውን ቅጂ ማንም ሳይነካው እናስቀምጥ። ከዚያ በኋላ በተባዛው ላይ ጆሯችን የመራንን ሁሉ ብንሠራበት ነውር የለበትም።

ወላጆቻችንንም አንድ ነገር ልለምን። ልጃችሁ ከአንድ የተቀዳ ድምፅ ጋራ ሌሊቱን ሲታገል ብታዩት «ይህ ምን ይበጅሃል?» ብላችሁ አትቈጡት። የእርሻ መሐንዲሱ ያገኙት ነገር በዚያን ጊዜ ምን ይበጃል ተብሎ ቢጠየቅ መልስ አልነበረውም።

እኔም እግዚአብሔር ቢፈቅድና ፈተናው ቢቀናኝ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ልማር አስቤአለሁ፤ ክራሬ አብራኝ ትሄዳለች። የአያቴን ድምፅ ግን በሁለት ዓይነት አስቀምጬዋለሁ። አንዱ እኔ የሠራሁት ነው፤ ገና አላለቀም፥ ወደ ፊትም እሠራበታለሁ። ሁለተኛው እንዝርቱም ዶሮውም ሳይቀሩ እንዳለ ነው፤ እርሱ የእናቴ ነው።